ያልተመዘነው ጸበል

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ እናቴ ይህን እየሳቀች ትናገረው ነበር፤ መቐለ ላይ ግን የሚያስቅ አልሆነም። ከከተማው ዳር ካለው ከቁሓ አየር ማረፊያ እየተነሳሁ ስድስት ሰው የምትይዝ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አበርር ነበር። ጭነት የሚመዝኑልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሚዛን ላይ ያላስቀመጡት፣ የኔ ጃኬት እንኳ ቢሆን፣ አይጫንም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዲት እናት ከአንድ ልጃቸውና ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር መጡ። ልጁ ወራት ሙሉ ጸበል ቦታ ከርሞ ድኖ፣ በእግሩ ቆሞ ወደ ሽሬ የሚመለስ ነበር። ለሰፈሩ ሰው የሚታደል ጸበል በስድስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዘዋል። እናትየዋ ሚዛኑን ሲያዩ አማተቡ።

«ጸበል ደኣ ይመዘናል ወይ? እንደ በርበሬ?»

እኔም የተጠመቅሁ ሰው ነኝና አፈርኩ። «ጫኑት» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ስማኝ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መቶ ሃያ ሊትር ማለት ሁለት ሰው ነው። ሙቀቱን ደግሞ እያየኸው ነው። እግዚኣብሄር ይቅር ይለናል፣ አየሩ ግን አይምረንም።»

እውነታቸውን ነበር። መቐለ ከፍታ ላይ ናት፤ በቀትር አየሩ ይሳሳል፣ ትንሽ አውሮፕላን ጭነት ሲበዛባት አትነሳም። ይህን ከሳቸው በላይ አውቃለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሞተር ላስነሳ ስል ሽማግሌው ከፊቴ መጥተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ደሜ ፈላ። ወርጄ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው በጥፊ አጮልኳቸው። ኮፍያቸው ወደቀ። ሳያነሱት ዞር አሉልኝ።

መንደርደሪያውን ስናጋምስ ፍጥነቱ እንዳልሞላ አየሁ። ለማቆም የሚበቃ አስፋልት ነበረኝ፤ ነዳጁን መቀነስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ካቆምኩ ግን ተመልሼ የመታሁትን ሰው ዓይን ማየት ሊኖርብኝ ነው። መሪውን ሳብኩ።

ተነሳች፤ ከፍ ግን አላለችም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ይጮሃል፣ እናትየዋ ማርያምን ይጠራሉ። አጥሩን እንዳለፍን ክንፏ የእርሻ ካብ መታና ብረቱ እንደ ጨርቅ ተተረተረ። ፊቴ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ፤ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁ። ከኋላ በቅጡ ያልታሰሩት ጀሪካኖች ተወርውረው መጡ። አንዱ ልጁን ማጅራቱ ላይ መታው። ውሃና ደም ተቀላቅሎ ከእግሬ ስር ይፈስ ነበር። ሽማግሌው ሮጠው ደርሰው መስኮቱን በድንጋይ ሰባብረው አንድ በአንድ ጎትተው አወጡን። ልጁ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን እናትየዋ የተሰበረ ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አስረው፣ ሽማግሌው ደግፈዋቸው አልጋዬ አጠገብ መጡ። በደህናው እጃቸው እጄን ያዙ።

«አታልቅስ ወደይ። ቀኑ ደርሶ ነው። እግዚኣብሄር ያመጣውን ምን ይደረጋል?»

ዝም ብል ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ያን ይቅርታ መቀበል አልቻልኩም።

«ማቆም እችል ነበር እናቴ። ከመሬት ሳንነሳ አውቄያለሁ።»

«ታድያ ለምን አላቆምክም?»

«አፍሬ» አልኳቸው።



«አንተ እንዳታፍር ነው ልጄ የሞተው?» አሉና እጄን ለቀቁት።