ለሰው አይወረወርም

ልጄ የትምህርት ቤቷ የሴቶች ፍላግ ፉትቦል ቡድን ውስጥ የገባችው በብርዱ ወራት ነው። ቅጹን ለፊርማ ስታመጣልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም አሳደርኩት። ሳላሳድር የምፈርመው ነገር የለም። ጨዋታው መጋጨት እንደሌለበት፣ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ሪባን አስረው እንደሚሮጡ፣ ሪባኗን የተነጠቀች ልጅ እዚያው እንደምትቆም በስልኬ ተመለከትኩ። ከቁምጣው ሥር ረጅም ታይት እንድትለብስ ተስማማንና ፈረምኩ።

ሾርላይን በምትባል ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ አፓርታማ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። በዲቪ ስንመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በኋላ ይከተለናል ተብሎ ነበር፤ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ሳይነጋ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፤ እሷ ስትገባ እራት አቀርባለሁ፤ እሷ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ሳታወጣ ትበላለች።

«ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ፋይን።»

«ምሳ በላሽ?»

«ያ።»

ከዚህ የረዘመ መልስ ካገኘሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሳህኗን አጥባ ክፍሏ ትገባለች፤ በሩ ሲዘጋ የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ሆኖ ሲያጉረመርም የዋለ ነገር ነው፤ የሚሰማኝ ግን በሯ ሲዘጋ ነው።

እናም አንድ ቀን ያቺን ሞላላ ኳስ በብብቷ ይዛ ከክፍሏ ወጥታ፣ «እማ፣ አምስት ደቂቃ ሄልፕ ታደርጊኛለሽ?» ስትለኝ ድስቱን ከእሳት አውርጄ ጫማዬን አጠለቅሁ። ምን እንደምረዳት እንኳ አልጠየቅሁም።

ከሕንፃው ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ቆመን አስረዳችኝ። እሷ ኳርተርባክ ናት። ጨዋታው ሲጀመር ኳሷ መጀመሪያ እሷ እጅ ትገባለች፤ ለማን እንደምትሰጥ የምትወስነውም እሷ ናት። በሩጫ ለመሄድ ካሰቡ ሁለት መንገድ አላት። አንዱ ሀንድኦፍ ነው፤ አጠገቧ የምታልፈው ሯጭ ሆድ ላይ ኳሷን ማስቀመጥ። ሁለተኛው ፒች ነው፤ ራቅ ብላ ወደ ዳር ለምትሮጠዋ ልጅ ኳሷን በጎን፣ ከታች ወደ ላይ፣ ለቀቅ አድርጎ መወርወር። እኔ ሯጯን እንድሆንላት ነበር የፈለገችው።

ኳሷን ይዛ ዞረች። እኔ ሮጬ ደረስኩ፤ ቆምኩ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳት።

«እማ፣ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«ተቀበልኩሽ።»

«ቦው አደረግሽ እኮ። ሪች አታድርጊ፣ አትቁሚ። ጀስት ሩጪ፣ እኔ አስገባልሻለሁ።»

«ሰው ሲሰጥሽ እጅሽን አትዘረጊም?»

«ኖ። እጅሽን ከዘረጋሽ ኳሷ መትታሽ ትወድቃለች። ሶ፣ አንዱን ክንድ ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ እንደዚህ። ኪስ አድርጊው። ኳሷን አትያት፤ ፊትሽን እይ።»

በሕይወቴ በአንድ እጄ የተቀበልኩት ነገር ትዝ አይለኝም፤ የውኃ ብርጭቆም ቢሆን፣ ጸበልም ቢሆን፣ የአውቶቡስ ትኬትም ቢሆን። ሥራ ቦታም እንዲሁ ነኝ። የመድኃኒቷን ትንሽ ኩባያ ለአንዲት አሮጊት ስሰጥ ጣቶቿን እስክታጥፍ ድረስ እጄን ከሥሩ አላነሳም። ታዲያ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሳላይ፣ ሳልቆምና እጄን ሳልዘረጋ መቀበል ልማር? ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ አልኩ። ልጄ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከእኛ በታች የሚኖሩት ጎረቤታችን፣ ወላጆቻቸው አስመራ የተወለዱ፣ እሳቸው ግን ካዛንቺስ ያደጉ ትልቅ ሴት ናቸው። መስኮታቸውን ከፍተው ያዩን ነበር።

«አንቺ፣ ነጠላሽን አገልድመሽ ኳስ ጀመርሽ?»

«ልጄን ላግዛት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«አግዢ፣ አግዢ። ግን ሩጫሽ ቀብር የረፈደባት ሴት ሩጫ ነው።»

በአራተኛው ቀን ፊት ለፊቴ የቆመውን የቆሻሻ መጣያ እያየሁ ሮጥኩ። ሆዴ ላይ ከበድ ያለ ነገር ተቀመጠ፤ ክንዶቼ ራሳቸው ተከደኑበት። «ዛትስ ኢት፣ እማ» አለችኝ። ያን ዕለት እራት ስንቀርብ ጆሮዋ ላይ ምንም አልነበረም። ስለ አሠልጣኟ፣ ስለ ሒሳብ ፈተና፣ ስለ አንዲት ጓደኛዋ ውሻ አወራችኝ። ከግማሹ በላይ እንግሊዝኛ ነበር፤ ቢሆንም ለእኔ ነው የተወራው። ከዚያ በኋላ ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ዝናቡ እንዲያባራ የምጸልይ ሴት ሆንኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ለስንት የታመመ ሰው መለመን ሲገባኝ።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ሰኞ ፊቷን ከስክሳ ገባች። ኳሷን ጥግ ወሽቃ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«ኮች ፖዚሽኔን ለሌላ ልጅ ልትሰጥብኝ ነው።»

«ምን አድርገሽ?»

«ፒች አላደርግም። ዳር ያለችው ልጅ ባዶ ሜዳ ላይ ሆና እያየኋት ሀንድኦፍ አደርጋለሁ። መሃል ደግሞ ሰው ሙሉ ነው። ሪባናቸውን ወዲያው ይነጠቃሉ። ሁለት ጌም በኔ ተሸነፍን። ሐሙስ ፒች ካላደረግኩ፣ ኦቨር ነው።»

«ለምን አታደርጊም ታዲያ?»

«አይ ዶንት ኖው። እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። «እስቲ ያንን ጨው አቀብይኝ» አልኳት። ጨው ከነበረበት መደርደሪያ እስከ እኔ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። መጣች፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋ ሰጠችኝ፤ በደንብ እስክይዘው ድረስም አልለቀቀችውም።

ያኔ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆና ነው። ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ትምህርት ቤት እንዳየችው አድርጋ ከአልጋው ላይ ሆና ብርቱካን ወረወረችልኝ። ደረቴን መታኝና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። «ለሰው አይወረወርም» አልኳት። «የሚወረወረው ለውሻ ነው።» አስነስቼ ብርቱካኑን አስለቀምኳት፤ በሁለት እጅሽ አምጪ አልኳት። ስታመጣው ቸኮለች ብዬ መለስኳት። እንደገና ቸኮለች ብዬ መለስኳት። እያለቀሰች ስንት ጊዜ እንዳመላለስኳት አላስታውስም። ያለ አባት አደገች እንጂ ያለ ሥርዓት አደገች እንዲሉብኝ አልፈለግሁም ነበር። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ልጄ ሰሃን ስታቀብል አይተው «አስተዳደግ እንዲህ ነው» ሲሉ ደስታዬን ለመደበቅ መሬት መሬት አይ ነበር። አሁን ያ የተመሰገንኩበት እጅ ነው ሜዳ ላይ እምቢ የሚላት።

የሚጨንቀኝ ሌላም ነገር ነበር፤ ሳልደብቅ ልጻፈው። ቦታዋን ብትነጠቅ የመኪና ማቆሚያው ነገር ያበቃል። ፒቹን ብትለምደው ደግሞ የሚያስፈልጋት ዳር ይዛ የምትሮጥና በአየር የመጣ ኳስ የምትቀልብ ልጅ ናት፤ እኔ አይደለሁም። በሁለቱም በኩል እኔ እቀራለሁ። ሽንኩርቱ እየጠበቀኝ ቆሜ ይህንን አሰብኩ፤ እናት እንዲህ ማሰቧም አሳፈረኝ።

«ጃኬትሽን ልበሽ» አልኳት። «ዛሬ ወርውሪልኝ።»

«ላንቺ?»

«ለኔ።»

«ዩ ሴድ ለሰው አይወረወርም።»

«ብያለሁ። ኩሽና ውስጥ ዛሬም አይወረወርም። ሜዳ ላይ ግን ልጅቷ ሩቅ ናት፤ እጅሽ አይደርስላትም። የማትደርሺበት ሰው ካልወረወርሽለት በምን ትሰጪዋለሽ?»

አየችኝ። ብርቱካኑን ታስታውሰው እንደሆነ አላወቅሁም፤ አልጠየቅኋትምም።

ካፊያው አላቆመም ነበር። እኔ ወደ ዳር፣ ወደ መኪኖቹ በኩል ሮጥኩ። የመጀመሪያዎቹን አልወረወረችም፤ እጇ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ተከትላኝ መጥታ በእጄ ልታስይዘኝ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች። «ባለሽበት ቁሚ» አልኳት። በመጨረሻ ስትለቅ ኳሷ ትከሻዬን መታችኝ። ቀጥላ አገጬን። «አይ አም ሶሪ፣ እማ፣ ሶሪ» እያለች ሮጣ መጣች። «ተመለሺ» አልኳት።

«ምነው፣ ልጂቱ በኳስ ልትወግርሽ ነው?» አሉ ጎረቤታችን ከመስኮት።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ እማማ።»

«ካዘዝሽማ ደህና። እኔ ደግሞ ፖሊስ ልጥራ እያልኩ።»

ብዙ ጊዜ ከእጄ ወደቀች። ኳሷ ረጥባ እንደ ዓሣ ታመልጠኝ ነበር። ልጄ ግን ሲቆይ መከተሏን ተወች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደምደርስበት መወርወር እንዳለባት ራሷ ነገረችኝ፤ አሠልጣኟ ሁልጊዜ የምትላት ያንን ነው። ሊመሽ ሲል አንዷን ቀለብኩ። አንዲት ብቻ። ክንዴና ደረቴ መካከል ተሰንቅራ ቀረች። ልጄ እጇን አንሥታ ጨፈረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ደወለችልኝ። «እማ፣ ከዚያች ዳር ከምትሮጠው ልጅ ጋር ልለማመድ? ማውንትሌክ ቴራስ ነው ቤታቸው፤ እናቷ ፒክ ታደርገናለች። ሺ ካን ካች።»

«ሂጂ» አልኳት። ማክሰኞም ረቡዕም እዚያ አመሸች።

ሐሙስ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ፈረቃ ተለዋውጬ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ወላጆቹ ብርድ ልብስና ትኩስ ነገር ይዘው በቡድን በቡድን ተቀምጠዋል። «ሃይ» አሉኝ፤ «ሃይ» አልኳቸው፤ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። እኔ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ብርዱ እስከ አጥንቴ ገባ።

መጀመሪያ ላይ ልጄ እንደ ልማዷ ለመሃሏ ልጅ ሰጠች፤ ያቺም ወዲያው ሪባኗን ተነጠቀች። አሠልጣኟ ተጠባባቂዎቹ ወደተቀመጡበት ዞር ብላ አየች። ቀጥሎ ልጄ ወረወረች። ኳሷ ከዳሯ ልጅ ጣት አምልጣ ሜዳው ላይ ወደቀች። በዚህ ጨዋታ የወደቀች ኳስ አትነሣም፤ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ልጄ ቀና ብላ በወላጆቹ መካከል ፈለገችኝና አገኘችኝ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ምን ብዬ እንደምጮህ አላውቅም። ቀኝ እጄን ከታች ወደ ላይ አንሥቼ መዳፌን ከፈትኩ። ወርውሪ።

ሌላ ዙር ተጀመረ። ከተቃራኒ ቡድን አንዲት ረጅም ልጅ በቀጥታ ወደ ልጄ መጣች። ልጄ ጠበቀቻት፤ ልትደርስባት ስትል ኳሷን ለቀቀች። ኳሷ የማንም ሳትሆን አየር ላይ ነበረች። «እመቤቴ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ጩኸቱ ተነሣ። የዳሯ ልጅ እስከ መጨረሻው መሮጧን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ልጄን ነበር የማየው። የለቀቀችበት ቦታ ቆማ፣ መዳፏ እንደተከፈተ፣ ጓደኛዋ ስትርቅ ታያለች።

ከዚያ በኋላ ደጋግማ ወረወረች። ቦታዋን አልተነጠቀችም።

ሲያበቃ ልጃገረዶቹ ተቃቅፈው ይጮሁ ነበር። እኔ ወደ ሜዳው ወርጄ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ከመካከላቸው ሆና አየችኝ።

«እማ፣ ከነሱ ጋር ልብላ? ራይድ አለኝ፣ ቤት ያደርሱኛል።»

«የጾም ነገር ብዪ።»

«ኦኬ። ኳሷን ቤት ታስገቢልኛለሽ?»

የመለማመጃ ኳሳችንን ከቦርሳዋ አወጣች። ታመጣልኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ካለችበት ወረወረችልኝ። እኔም ተምሬ እንዳልተማርኩ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳት። ቀና ስል ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ከጓደኞቿ ጋር እየሄደች ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ኳሷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ጎረቤታችን ደጅ ላይ አገኙኝ።

«ልጂቱስ?»

«ከጓደኞቿ ጋር ናት፣ እማማ። ወረወረች።»

«እሰይ። በይ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ሽሮውን አሙቄ ሁለት ሰሃን አወጣሁ፤ አንዱን መለስኩት። ከበላሁ በኋላ ኳሷን በፎጣ አድርቄ ከክፍሏ በር ሥር አስቀመጥኳት። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጥም ማንም አልነበረም፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ግን ይሰማ ነበር።