አባቴ ወደ ጫሞ ከመውረዱ በፊት

ዛሬ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ገና ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ሸተተኝና ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ጀልባው ጋ ከደረስን በኋላ መረቡን መሬት አስቀመጠ።

«ትናንት ጎረቤታችንን በቁጣ ተናግሬዋለሁ። ሳልታረቀው ወደ ሐይቁ አልገባም» አለኝ።

ዳገቱን ተመልሰን ወጣን። ያ ግዙፍ አባቴ በጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ» ሲል እጁን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጎረቤታችንም አቅፎ ሳመው።

በዚያው ቀን ጉማሬ ጀልባውን ገለበጠበት። ጓደኞቹ ከውኃው ጎትተው አውጥተው፣ በጋቢ ጠቅልለው ቤት አመጡት።

«አባዬ፣ አልፈራህም?» አልኩት።

«ፈራሁ እንጂ ልጄ! ጉማሬውንም አዞውንም ፈራሁ። ጌታ ፊት መቅረቡን ግን አልፈራሁም» አለኝ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኖቹን ግን እንዲያ ረግተው አይቻቸው አላውቅም። እኔም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ዓሣውን ገዝቼ ወደ ሴቻ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እህቴን ካኮረፍኳት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። ይጠራል።