አባቴን ለማናገር የመረጥኳቸው ዘፈኖች

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጆሮዋ ላይ ከሰካችው ማዳመጫ ቀጭን ድምፅ ያመልጥ ነበር። ደክሞኝ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ጥሩንባው ገባ። ከበሮው ሦስት ጊዜ ተመታና ዝም አለ፤ ወዲያው ሁሉም ነገር አንድ ላይ ፈነዳ። ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅኩት።

ያንን ዘፈን ለአባቴ የመረጥኩለት እኔ ነበርኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም ሰው ቤቱ ይግባ ሲባል እናቴ አገር ቤት ነበረች። እህቷ ወልዳ ልታርሳት እንደሄደች አውሮፕላን ቆመና እዚያው ቀረች። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን አባቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። እውነቱን ለመናገር አንተዋወቅም ነበር። አባቴ መሃል ከተማ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር። ሱብሒ ሰግዶ ይወጣል፤ ሲመለስ እራቱን በልቶ እዚያው ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። አባቴን የማውቀው ልብሱ ላይ በሚቀረው የአዲስ ብርድ ልብስና የካርቶን ሽታ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሱቁ ሲዘጋ የሚሠራው ጠፋው። መስኮት ጋ ቆሞ ባዶውን መንገድ ያያል፤ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሣል። ከታች የወታደር መኪና ካላለፈ በቀር ምንም አይሰማም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እኔ ወዳለሁበት ምንጣፍ መጥቶ ቁጭ አለ።

«ቀኑን ሙሉ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ የምትሰሚው ምንድን ነው?»

«የጃፓን ባንድ ነው፣ አባ። ሮክ ነው፤ ግን ሮክ ብቻም አይደለም።»

«ጃፓንኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን እንደሚሉ በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እስቲ አሰሚኝ» አለ።

ዝም ብዬ ልከፍትለት አልቻልኩም። የዚያ ባንድ ዘፈን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ጃዝ ብለው ይጀምሩና ራፕ ይሆናል፤ መሃል ላይ ክራር የሚመስል የአገራቸው መሣሪያ ይገባል፤ ከዚያ ጊታሩ ጣሪያውን ሊያፈርስ ይደርሳል። ኃይለኛውን ካስቀደምኩ ተነሥቶ እንደሚሄድ ስለገመትኩ አንድ ቀን ሙሉ ሳስብ ውዬ ስድስት ዘፈን መረጥኩ። ካርቶን ቀድጄም ዝርዝሩን ጻፍኩለት። የዘፈኖቹን ርዕስ ማንበብ ስለማልችል ስም ያወጣሁላቸው ራሴ ነኝ። አንዱ «ጥሩንባው ያለበት» ነበር፤ አንዱ «ልጅ የሚያስተኛው»፤ አንዱ ደግሞ «ሰውዬው የሚጮኽበት»። የቀሩትን ረስቻቸዋለሁ።

አባቴ ነገሩን እንደ ሥራ ያዘው። በየቀኑ ዙህር ሰግዶ ይመጣል፤ አንድ ዘፈን ብቻ እንሰማለን። የከሰዓት ፀሐይ ምንጣፉ ላይ እስኪደርስ እዚያው እንቀመጣለን። ስለ ጥሩንባው፣ «ይቸኩላሉ፤ ታክሲ ያመለጣቸው ይመስላሉ» አለ። ልጅ የሚያስተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «ይሄስ መንዙማ ነው፤ አዝማቹን ሁሉም ይቀበላል» አለኝ። ሰውዬው የሚጮኽበት ላይ ስንደርስ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ አባ።»

«አንድ ነገርማ ሆኗል። ይጩኽ፣ ተይው።»

ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ እዚህ አገር በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ጻካኔ የሚባል የድሆች ሰፈር ውስጥ ቀበቶ ትከሻው ላይ ደርድሮ ከቤት ቤት እየዞረ ይሸጥ እንደነበር ነገረኝ። አንድ ቀን የያዘውን ሁሉ ነጠቁት። ማንም የሌለበት ሜዳ ላይ ሄዶ እንደዚያ ሰውዬ ጮኸ። «ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም» አለ።

ክረምቱ ሲገባ ሱቆች ተከፈቱ። ብርድ ልብስ የሚፈለግበት ወቅት ነበርና ወዲያው ተመለሰ። ሁለት ሳምንት አልሞላውም፤ አንድ ቀን ገና በጠዋቱ ከሱቅ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። «እንዳትገቢ» አለኝ ከውስጥ። ከዚያ ሳሉ ጀመረ።

ከመስጊድ የሚያውቃቸው ኢትዮጵያዊ ዶክተር ነበሩ። ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ለሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

«ስሚኝ ልጄ፤ ሆስፒታል አልጋ የለም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ከየፋርማሲው አልቋል። ስለዚህ አንቺ ታናግሪዋለሽ። በአንድ ትንፋሽ ረዘም ያለ ነገር ተናግሮ ከጨረሰ ደህና ነው። መሃል ላይ አየር ለመሳብ ካቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።»

ችግሩ አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። «እንዴት ነህ?» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ይልና ያበቃል። ጨነቀኝ። በመጨረሻ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጌ ስልኬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ጥሩንባው ያለበትን ከፈትኩ። ሲያልቅ፣ «እንዴት ነው፣ አባ?» አልኩት።

«ይሄ ጥሩንባ ነፊ ዛሬም አልደከመውም ማለት ነው» አለ፤ በአንድ ትንፋሽ።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ሁለት ቀን በዚህ ሄድን። በየሰዓቱ አንድ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ከዚያ አስተያየቱን እጠይቀዋለሁ። እሱ የምፈልገውን አያውቅም ነበር፤ ላጫውተው የመጣሁ ነው የመሰለው። በሦስተኛው ቀን ከዙህር በኋላ ሰውዬው የሚጮኽበትን ከፈትኩ። ሲያልቅ ጠበቅኩ።

«ይሄ ሰው...» አለ። ትንፋሹ ሲፏጭ ይሰማኛል። «ይሄ ሰው... አሁንም...»

እስኪጨርስ አልጠበቅኩም፤ ደወልኩ። ዶክተሩ የዓስር ሶላት ሳይደርስ ኦክስጅን በራሳቸው መኪና ጭነው መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር አራቱን ፎቅ ሲሊንደሩን ተሸክመው ነው የወጡት። በር ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

አባቴ ተረፈ። ሰው ይህን ሳወራ የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ግን ተረፈ። ሲሻለው ከስቶ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ ወጣና ሾርባ ጠየቀኝ። እኔም ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ «ከዘፈኖቹ ግን የትኛው በለጠብህ?» አልኩት።

«የትኞቹ ዘፈኖች?»

«በበሩ በኩል ያሰማሁህ።»

አሰበ። «ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ ልጄ። አንድ ጫጫታ ትዝ ይለኛል» አለና ማንኪያውን አነሣ።

በሳምንቱ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ምንጣፉ ላይ ዳግመኛ አልተቀመጠም። አልተቀየምኩትም፤ ጊዜ አልነበረውም።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ይዤለት ሱቅ ሄድኩ። የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ አፉ ከፈት ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ከበሽታው ወዲህ ቶሎ ይደክመው ነበር። ምሳውን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደንበኞች መጥተው ነበር፤ አንዲት ትልቅ ሴት በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና» ብላ ሰላም ስትለኝ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። አየችውና ራሷን ነቅንቃ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሌላም መጥታ ከኋላዋ ቆመች።

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሰው መጣ እንዴ?» አለ።

«ማንም የለም፣ አባ» አልኩት።