በወይራ የታጠነው ጀሪካን

ልጄ ሙሉ ባለፈው ቅዳሜ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ስትመጣ በካርቶን የታሸገ ነገር ይዛ ነበር። ከጉና ተራራ ሥር ደን ለመጠበቅ ከተቀጠረች ገና ወሯ ነው፤ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሰጥተዋታል። ካርቶኑን ከፍታ ላስቲኩን ስትገልጠው ሽታው ቤቱን ሞላው። የጎማ በሉት የናፍጣ፣ ብቻ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። አፍንጫ የማይችለው ነገር ዓይኗ ላይ ተለጥፎ ሊውል ነው።

«ሙሉዬ፣ ይኼ ነገር ዓይንሽን ቢያጠፋውስ?» አልኋት።

«አዲስ ስለሆነ ነው እማዬ፤ ይለቃል» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ዱሮ ገብስ በሚወቃበት ሰሞን፣ በአንድ ዓርብ ከአርብ ገበያ ቤታችን የገባ ሽታ ነው።

ያኔ ልጃገረድ ነበርሁ። ያደግሁት ታች ጋይንት ነው፤ እስቴ የመጣሁት በትዳር ነው። እናቴ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፎ የሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ጠላውን ለብቻዬ ስጠምቅ የመጀመሪያዬ ነው። ጌሾውን ስወቅጥም፣ ብቅሉን ስፈጭም የማስበው አንድ ነገር ነበር። ጠላው ቢበላሽ ሰው እኔን አያማም፤ «እናት የሌለበት ቤት ነው» ነው የሚለው። ይህ እንዳይባል ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

ጠላው የሚጠጣው ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው፤ ከቤታችን እስከዚያ አቀበት ነው። እንስራ አዝዬ ስወጣ ጀርባዬ አሳዝኗቸው ኖሮ፣ አባቴ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ አህያው ላይ አዲስ ቢጫ ጀሪካን አስረው መጡ። ደስ ብሎኝ እንደ ሕፃን አቀፍሁት። ክዳኑን ስከፍተው ግን ሽታው ፊቴን መታኝ።

ግራዋና ጠጠር ጨምሬ እየናጥሁ አጠብሁት፤ አለቀቀም። በአመድ አጠብሁት፤ ባሰበት። ማኅበሩ ደግሞ በማግስቱ ነው። እኛ ዘንድ የጠላም ሆነ የወተት ዕቃ አልጣፍጥ ሲል ይታጠናል። እናቴ ያሳየችኝ ይህን ነው። ገል ላይ ፍም አድርጌ የወይራ ስባሪ ጣልሁበትና ጀሪካኑን አፉን ደፍቼ አስቀመጥሁት። ጭሱ እንዳይወጣም ዙሪያውን በጨርቅ ሸፈንሁት፤ ከዚያ ጠላውን ላጠልል ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ ጀሪካኑ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። አፉ ቀልጦ ገሉ ላይ ተጣብቋል። የበፊቱ ሽታ በስንት ጣዕሙ፤ አሁንማ ጣሪያውም፣ ቀሚሴም፣ ፀጉሬም ሸተተ። እያለቀስሁ አላቅቄ ገለባ ውስጥ ደበቅሁት፤ ሽታ የሚደበቅ ይመስል።

አባቴ ማታ ከአውድማ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«ጫማ ነው አባባ» አልሁ። «የላስቲክ ጫማ እሳት ውስጥ ወድቆ ነው።»

ቀስ ብለው ወደ እግራቸው አዩ።

«በዚህ ቤት ጫማ ያለው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። «እሱም እግሬ ላይ ነው።»

ጀሪካኑን ከገለባው አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥሁት፤ ማጠኔንም ተናገርሁ። አነሡት። የተጣመመውን አፍ አዩ፤ ጥቁር የሆነውን የወይራ ስባሪ አዩ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። የእናቴን ስም እስኪያነሡ እየጠበቅሁ መሬት መሬት አየሁ።

«ወይራውስ ገብቶለታል» አሉ።

ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ከጎረቤት አንድ እንስራ ተውሰን፣ አንዱን እኔ አዘልሁ፤ አንዱን አባቴ በትከሻቸው ያዙ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሴቶች፣ እንስራ የተሸከመ ወንድ አይተው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ተሳሳቁ። አባቴ ደንታም አልሰጣቸው። ደጀ ሰላም ስንደርስ የማኅበሩ ቄስ ባርከው ቀመሱ። ጢማቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «የዚያው ቤት ጠላ ነው፤ አልተለወጠም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርቃት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ልቤን ያሳረፈው የለም።

አባቴ ጀሪካኑን አልጣሉትም። የተጣመመ አፉን ወደ ነፋሱ አዙረው አጥር ላይ ሰቀሉት። በጋውን ሙሉ ውኃ ይሞሉታል፣ ይደፉታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። በየሰንበቱ ከሱ አንድ ጣሳ የሚጠጡ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ልቅመስ ስል፣ «ቆዪ፤ እኔ እስከ ማታ ደህና ከዋልሁ» ይሉኛል።

«ምን ምን ይላል አባባ?»

«ሱቅ ሱቅ ይላል።»

ፋሲካ ሲደርስ ሱቅ ሱቅ ማለቱን ተወ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ውኃ ቀዳሁበት።

እሑድ ጠዋት ልጄ ሳትነሣ መነጽሩን አውጥቼ ጥላ ያለበት አጥር ላይ ሰቀልሁት። ነፋሱ ሲወዘውዘው ጥቂት አየሁትና አውርጄ ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ጎማው ይቀዘቅዛል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። እንዲያም ሆኖ ማዶ ያለው አቀበት ደጄ ድረስ መጣልኝ፤ አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ትወጣለች። አባቴ ያን በጋ ሙሉ እየቀለዱ ለእኔ ፈርተው እንደነበር የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሙሉ ከበሩ።

«ገና ሱቅ ሱቅ ይላል» አልኋት። «እስከ ማታ እኔ ጋ ይቆይ።»