ወደ ላንጋኖ በከብት መውረጃ

ከቤቴ ስወጣ ቁስቋም ዳገት ላይ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ጫልቱ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሸራ ጫማ አድርጋ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ ለወንድሟ የገዛችውን ስኳርና ሳሙና በፌስታል አንጠልጥላለች። እኔ ነጠላዬን ደርቤ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ቦርሳው ውስጥ ያለውን ስታይ ሳቀች።

«ፎጣ ያዝሽ እንዴ? ልትዋኚ ነው?»

«እግሬን ላደርቅበት ነው» አልኳት።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ካርታ ሰሌዳ ላይ ሰቅዬ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከላይ ወደ ታች እየጠቆምኩ ስንቱን ልጅ አሳልፌአለሁ። ስፋታቸውን፣ ጥልቀታቸውን፣ የትኛው ወንዝ እንደሚገብርላቸው በቃሌ እወጣዋለሁ። ከአንዳቸው ዳር ግን ቆሜ አላውቅም። ሰው ሲሰማ አያምነኝም። አንድ ጊዜ ልጅ ትንሽ ነው፣ አንድ ጊዜ እናቴ ታማለች፣ አንድ ጊዜ ደመወዙ አይበቃም፤ እንዲህ ሲባል ዕድሜ ሄደ። ለሰርግ ሻሸመኔ ስወርድ ዝዋይን በአውቶቡስ መስኮት በሩቁ አይቼዋለሁ፣ ፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ፀሐይ በዛ ብለው መጋረጃውን እስኪስቡት ድረስ።

ጫልቱ ጎረቤቴ ናት። የተወለደችው ላንጋኖ ዳር ነው። የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ጉለሌ ከመጣች ጀምሮ፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያኗ የመዝሙር ልምምድ፣ እኔ ከቁስቋም ማርያም ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለን የምናወራው ስለዚያ ውሃ ነበር። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሞገዱ እንዴት እንደሚጮህ፣ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ገብተው እንዴት ፈዘው እንደሚቆሙ፣ እሷና እህቶቿ ልብሳቸውን አሸዋው ላይ አስጥተው እስኪደርቅ እንዴት ውሃ ውስጥ እንደሚጠብቁ። ሰምቼ ሰምቼ የራሴ ትዝታ ሊመስለኝ ምንም አልቀረውም።

በቅርቡ ወንድሟ ቱፋ ደወለላት። ከመንደራቸው በታች ያለውን ዳርቻ የያዘው ሎጅ አጥሩን እያስረዘመ መሆኑን ነገራት። ስልኩን ዘግታ እኔ ዘንድ መጣች።

«ሳይዘጋ አንዴ ልየው» አለች።

«እኔስ?» አልኳት።

ከቃሊቲ ወደ ደቡብ

ከሽሮ ሜዳ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ለገሀር፣ ከዚያ ቃሊቲ። ከተማውን ለማቋረጥ የፈጀብን ጊዜ ከቃሊቲ ሞጆ ለመድረስ ከፈጀብን ይበልጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ረዳቱ «ዝዋይ! ሻሸመኔ!» እያለ ሲጮህ ጫልቱ ገፋ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ጥግ አስቀመጠችኝ። «እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺ እይ» አለች።

ሞጆን አልፈን በስተግራ ቆቃ ብልጭ ሲል ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ፣ ይሄ ግድብ ነው። አይቆጠርም» አለችኝ።

መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሮ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። አየሩ ሞቋል፤ ነጠላዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ አኖርኩ። ዝዋይ ወርደን ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ነው የመጣው፤ ጫልቱ እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋለች። ሐይቁ ከተማው ጫፍ ላይ፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። እስኪ ብቅ ብለን እንየው ብላት እጇን እየታጠበች ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። መጀመሪያ የእኔን።»

አቧራው

ቡልቡላን አልፈን፣ አስፋልቱ ዳር ወርደን ባጃጅ ያዝን። መንገዱ ግራር ለግራር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ደቃቁ አቧራ ጥርሴ መሀል ገብቶ ይንቀጫቀጫል። ጫልቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። አንድ ቦታ ላይ ባጃጁን አስቆመችውና ዙሪያውን ተመለከተች። «እዚህ ጋ ሐይቁ ይታይ ነበር» አለች። ፊታችን ያለው ረጅም የድንጋይ አጥር ነው፤ ከበላዩ የሣር ክዳን ጫፎች ይታያሉ።

ቱፋ የመንደሩ መግቢያ ላይ ጠበቀን። ከእህቱ በዕድሜ ያንሳል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ቤቱ አስገብቶ ወተት ሰጠን። ስለ አጥሩ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

«ሰዎቹ ክፉ አይደሉም» አለኝ። «የመንደሩን ልጆች ቀጥረዋል። እንግዶቻቸው ስልክ ተሰርቆባቸዋል፤ ከብቶቻችን የተከሉትን ሣር በልተውባቸዋል። ይሄ እውነት ነው። መሬቱን በሊዝ ወስደዋል፣ ካርታም አላቸው። እሺ። ውሃውንስ በሊዝ ወስደዋል? ወረዳ ሄደን የጠየቅነው ያንን ነው።»

«ምን አሏችሁ?»

«እናያለን አሉ።»

እስኪታይ ድረስ በስምምነት አንዲት መውረጃ ቀርታላቸዋለች። በሎጁ አጥርና ገና በሚገነባ በሌላ ሰው አጥር መሀል ያለች፣ ሁለት በሬ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ናት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከብቶቹ ከእረኞቻቸው ጋር ይወርዳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ።

«ሰውስ?» አልኩት።

«ሰው ከከብት ጋር ከሆነ ይወርዳል» አለ ቱፋ። አልሳቀም።

ሽቦው

ከከብቶቹ ኋላ ኋላ ሄድን። መውረጃው አፍ ላይ ከግንድ የተሠራ በር አለ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ጥበቃ ይጠብቀዋል። ከቱፋ ጋር ተሳሳሙ፣ በኦሮምኛ ተጠያየቁ። ጫልቱ የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግረው ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ። ከብቶቹ አለፉ። እኔ ላልፍ ስል እጁን በቀስታ ዘረጋ።

«እናቴ፣ እርስዎ በዋናው በር ነው። እዚያ ቲኬት አለ።»

«ከእነሱ ጋር ነኝ እኮ።»

«እሳቸው የዚሁ ሰፈር ልጅ ናቸው» አለና ወደ ጫልቱ ዞረ። «እኚህስ ምንዎ ናቸው?»

ጫልቱ መዋሸት አታውቅም። ሳታስብ መለሰች።

«ጎረቤቴ ናት። ከአዲስ አበባ።»

ልጁ አንገቱን አቀረቀረ። «ጎረቤት እንግዳ ይባላል። ይቅርታ እናቴ፣ ሥራዬ ነው» ብሎ ግንዱ ላይ የተሰቀለውን ካሜራ በዓይኑ አሳየኝ።

«እንግዲያው እኔም አልወርድም» አለች ጫልቱ።

«ውረጂ እንጂ፤ ለዚህ አይደል የመጣሽው? እኔ በበሩ እመጣለሁ። ውሃው አንድ ነው።»

«ለዚህ ውሃ ልትከፍዪ?» ፊቷ ተለዋወጠ። «ከእኛ ቤት ለዚህ ውሃ ከፍሎ የገባ ሰው የለም።»

«እኔ ከእናንተ ቤት አይደለሁማ!»

አፌ አመለጠኝ። ጫልቱ አየችኝ፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ከከብቶቹ ኋላ ወረደች።

ውሃው

ዋናው በር ጋ ለመድረስ አጥሩን ተከትዬ ብዙ ሄድኩ። የመግቢያው ዋጋ ከጉለሌ እስከዚያ ከከፈልነው መጓጓዣ ይበልጣል። ከፈልኩ። እጄ ላይ የወረቀት አምባር አሰሩልኝ። ውስጡ ያማረ ነው፤ አልዋሽም። ሣሩ ተከርክሟል፣ አበባው ተኮትኩቷል፣ ከግራሮቹ ጥላ ሥር ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። አንድ አስተናጋጅ ምን ልታዘዝ ብሎ መጣ፤ ቆይ አልኩት።

ሐይቁ ከደረጃው ሥር ብቅ አለ።

ካርታ ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር የማቀልመው። ላንጋኖ ግን የወተት ሻይ ይመስላል። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ፣ ሰፊ፣ ነፋሱ የሚያሸበሽበው። ማዶው ተራራው ሥር በጉም ተሸፍኗል። ጫማዬን አወለቅኩ። አሸዋው ያቃጥላል፤ ሮጥ ሮጥ አልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ለብ ያለ ነው። ሞገዱ መጥቶ ሲመለስ ከእግሬ ሥር አሸዋውን እየጎተተ ይወስደዋል፤ መሬቱ ራሱ የሚሄድ መሰለኝ። ጫልቱ ይሄንን ነግራኝ አታውቅም። ልጠይቃት ወደ ጎን ዞርኩ፤ ከጎኔ የለችም።

የሎጁ አጥር እዚህ ሽቦ ሆኖ በስተግራ በኩል አሸዋውን አቋርጦ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ከሽቦው ወዲያ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ቆመዋል። በመሀላቸው ጫልቱ፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ፣ ፊቷን ወደ ሰፊው ውሃ አዙራ ቆማለች። ቀሚሴን ሰብስቤ በውሃው ውስጥ እስከ ሽቦው ሄድኩ።

«ጫልቱ!»

ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ገባሽ?» አለችኝ።

«ገባሁ።»

«ከሥር ይጎትታል አይደል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ረስቼው ነበር። አሁን ስገባ ነው ያስታወስኩት።» ተጠጋች። ሽቦው እሾህ አለው፤ እጇን ተጠንቅቃ አሾልካ እጄን ያዘች። እንዲያ ቆምን። ስለ በሩ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። አንዲት ጊደር መጥታ በመሀላችን አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነከረች።

ብዙም ሳንቆይ ቱፋ አፏጨ። ከብቶቹ አንድ በአንድ መዞር ጀመሩ። የተፈቀደው ሰዓት አልቋል። ጫልቱ እጄን ለቀቀች፤ ከከብቶቹ ጋር ወደ ላይ ወጣች። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

እኔ አምባሬ እስኪመሽ ያስቆየኛል። እሷ የተወለደችበት ዳርቻ ላይ እኔ ቀረሁ፣ እሷ ተነዳች። የናፈቅኩት ሐይቅ ውስጥ ቆሜ፣ ሰው የሌለበት ቤት የገባሁ ያህል ባዶ ሆነብኝ። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ። አስተናጋጁ «ቶሎ ጨረሱ እናቴ?» አለኝ።

መመለስ

ባጃጅ እስኪመጣ የግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። የጫልቱ ቀሚስ ላይ ጭቃው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ፎጣውን ሰጠኋት፤ እግሯን ጠራርጋ፣ ሳትጠይቀኝ ጎንበስ ብላ የእኔንም ጠረገች። ቱፋ ሽማግሌዎቹ እንደገና ወረዳ እንደሚሄዱ ነገረን። ተስፋ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ከብት ጥማት አያውቅም ትላለህ እንዴ ብዬ እጠይቀዋለሁ ኃላፊውን» አለ። «ሌላ ምን እላለሁ?»

ሞጆን አልፈን ሁለታችንም እንቅልፍ ወሰደን። አዲስ አበባ በዝናብ ተቀበለችን።

ከሐይቅ ያራቀኝ መንገዱ ይመስለኝ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልሄደው እችል ነበር። አሁን ውሃ ዳር ስለ መድረስ የማውቀው ሌላ ነገር ነው፦ ማን ነሽ ሳይባል መድረስ አለ፣ ከፍሎ መድረስ አለ፣ ሁለቱም በአንድ ዳርቻ ላይ ሽቦ ለሽቦ ይኖራሉ። ሽቦውን የተከለው ሰው ካርታ እንዳለው አልክድም፤ የጥበቃውንም ልጅ አልወቅስም። ግን ሳልሄድ ከነበረኝ ናፍቆት ስመለስ ይዤው የመጣሁት ይበልጣል። የማላውቀውን ስናፍቅ ኖሬ፣ አሁን የማውቀውን፣ ከሽቦው ወዲያ ያለችውን ያቺን ጠባብ፣ ኩበት የሞላባት ዳርቻ እናፍቃለሁ።

ቁስቋም ዳገቱን በዝናብ ወጥተን በራችን ላይ ስንደርስ የጫልቱ ስልክ ጮኸ። ቱፋ ነው፤ ደረሳችሁ ወይ ሊላት። በኦሮምኛ አወሩ። ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፤ ምን እንደጠየቃት አላወቅኩም። እሷ ግን ቀና ብላ እያየችኝ መለሰችለት።

«ኦቦሌቲ ኮ» አለችው።

ከኦሮምኛ የማውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ይህን ግን አውቀዋለሁ፤ «እህቴ» ማለት ነው። ስልኩን ዘጋችና ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከተተች። እስክታገኘው ዝናቡ ውስጥ አብሬአት ቆምኩ።