ሃኒሙንና ሰማያዊው ዶቃ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በሠርጓ ማግስት ሻንጣዋን እየሸከፈች፣ «ጋሼ፣ ሃኒሙን ለምን በማርና በጨረቃ ተሰየመ? የእንግሊዝኛ መምህር አልነበርክ እንዴ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ።

በወጣትነቴ ጋምቤላ አካባቢ አቦቦ ሳስተምር ይህንኑ የጠየቀችኝ አጁሉ ነበረች፤ የአኙዋ ልጅ፣ የአንደኛ ክፍል መምህርት። ማንጎ ጥላ ሥር የተጠበሰ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ እየበላን ነበር። እንዲህ ስል ነገርኳት፤ አንዳንድ ሰው፣ ሙሽሮች ወር ሙሉ የማር መጠጥ ይጠጡ ስለነበር ነው ይላል፤ እኔ ይህን ወሬ ብዙም አላምነውም። የቆዩት መጻሕፍት የአዲስ ተጋቢዎች ፍቅር እንደ ማር ይጣፍጣል፣ እንደ ጨረቃም ሞልቶ ይጎድላል ይላሉ፤ ቃሉ ሲጀመር ሽሙጥ ነበር ማለት ነው። የሙሽሮች ጉዞ የሆነው ኋላ ነው። ዛሬማ አዲስ አለቃ የሚወደድባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትም ሃኒሙን ይባላሉ።

አጁሉ ሳቀች። «እኛ ጋ ጨረቃ አይቆጠርም፣ ዶቃ ነው የሚቆጠረው። ዶቃ ካልመጣ ማርም የለም» አለች።

አኙዋዎች ድሙይ የሚሉትን ሰማያዊ የጥሎሽ ዶቃ ዛሬ የሚሠራው የለም፤ ያለው ከጥንት የወረደው ብቻ ነው። ከሙሽራው ቤት ወደ ሙሽሪት ቤት ይሻገራል፤ በእሷ የመጣውን ይዞ ደግሞ ወንድሟ ያገባበታል። የአጁሉ ወንድምም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። እኔ ደገኛው ከየት ላምጣ? አጁሉን ግን ማግባት ፈለግሁ። በጭነት መኪና አቧራ እየቃምኩ ጋምቤላ ከተማ ሄድኩና ከአንድ ሱቅ ሰማያዊ ዶቃ ገዛሁ። በመሐረብ ቋጥሬ አባቷ ዘንድ ቀረብኩ።

ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም፤ አስተርጓሚያችን ራሷ ነበረች። ዶቃውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ይሄ ዶቃ ማንን አግብቶ መጣ? ይላል» አለችኝ።

ከሱቅ የገዛሁት መሆኑን አመንኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወንድማቸው እንደ ልጁ አድርጎኝ ከቤቱ ድሙይ ሊሰጥልኝ እንደሚችል፣ ሰብሉ እስኪሰበሰብ ብቻ እንድታገሥ ነገሩኝ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ክብር ማንም አልሰጠኝም። ያኔ ግን ጎረምሳ ነበርኩ፣ ደሜ ፈላ።

«እኔ አባት አለኝ። ሰው በአሮጌ ዶቃ አይሸጥም» አልኩ።

አጁሉ አልተረጎመችም። አባቷ አፍ አፏን እያዩ ይጠብቃሉ። ከዚያ በአኙዋ ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ዶቃውን መልሰው ቋጠሩልኝ። እንደተቆጣሁ ወጣሁ፤ በሳምንቱ ዝውውር ጠየቅሁና ሰብሉ ሳይደርስ አቦቦን ለቀቅሁ። ከዓመታት በኋላ አጁሉ እውነተኛ ድሙይ ላመጣ ሰው መዳሯን፣ ወንድሟም ማግባቱን ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልቤ ነው የተሰበረው።

ለእህቴ ልጅ የማርና የጨረቃውን ነገርኳት፤ ስቃ ሄደች። አጁሉ ስድቤን ደብቃ ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬው ግን ደስ ብሏቸው ነበር። «ይጠብቃል» ብላቸው ይሆናል። የዚያን ዓመት ሰብል የሰበሰቡት እኔን እየጠበቁ ይሆናል።