ሐይቅ ላይ ኢሜይል ልሠራ ሄጄ በሰላይነት ተያዝኩ

«ውረድ! እጅህን እያሳየህ ውረድ!»

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ የሳተላይት ዲሽ እያስተካከልኩ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ... ሦስት ሚሊሻዎች ክላሽ ደግነውብኛል። ከጣሪያው እንዴት እንደወረድኩ እስከዛሬ አላውቅም። መሰላሉን መጠቀሜንም እጠራጠራለሁ።

ጊዜው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ውጫሌ የተጠጋበት ነው። የሐይቅ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ተጨናንቀዋል፣ የሞባይል ዳታ የለም። እኔ ኑሮዬ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን። ሐይቅ ያለ አንድ የእርዳታ ቢሮ የኢሜይል ሰርቨሩ እምቢ ብሎት ጠራኝ። መልእክት ይገባል፣ አይወጣም። ለተፈናቃዮቹ ዱቄት የሚጠየቀው ደግሞ በዚያው ኢሜይል ነው። በሚኒባስ ከነፍኩ።

ጠዋቱን ሙሉ ኬብል ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ... ወይ ፍንክች። የተጻፈው ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል። በመጨረሻ ዲሹን ጠርጥሬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እስቲ አስቡት... በዚያ ሰሞን፣ ማንም የማያውቀው ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ወዲያ ወዲህ ሲያዞር! እኔም ባይ ራሴን እጠረጥር ነበር።

ሰርቨሩ ያለበት ክፍል አስገቡኝ። አለቃቸው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው።

«ለማን ነው የምትልክ?»

«ለማንም! አይልክም እኮ፤ እሱን ልሠራ ነው የመጣሁት!»

አላመነኝም። ይዘውኝ ሊወጡ ሲሉ ሼህ ሰይድ ገቡ። የግቢው ባለቤት ናቸው፣ ቢሮው ተከራያቸው ነው። ጠዋት በር ከፍተውልኝ «እንደምን አደርህ» ከመባባል በቀር አንተዋወቅም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከዚህ ቤት የወጣ ነገር አለ?»

«በሐይቅ እስጢፋኖስ እምላለሁ አባባ! አንዲት ቃል አልወጣችም!»

ወደ አለቃው ዞሩ። «ሰምተሃል። እኔ ዋሱ ነኝ። ዋሽቶ ከተገኘ በሱ ፋንታ እኔን ያዙኝ።»

በኋላ እንደሰማሁት፣ በአካባቢው የደም ነገር እንኳ የሚበርደው በእሳቸው ዋስትና ነው። አለቃው ትንሽ ለዘብ አለ። ግን «እንግዲያው ምኑ እንደተበላሸ አሳየኛ» አለኝ።

ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። ስተረጉም ነው የገባኝ... ማሽኑ «የሚቀበለኝ ሰርቨር ማረጋገጫ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም» እያለ ነው። ገና? የማሽኑን ቀን አየሁት። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል!

የቢሮው ጸሐፊ ወይንሸት ከጥግ ሆና «ውይ፣ እሱን እኔ ነኝ» አለች። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ተዛብቶ ባገኘው ጊዜ በኛ አቆጣጠር አስተካከልሁት።»

ደስታው ፍርሃቴን አስረሳኝ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። «ብልሽቱ ዓመተ ምሕረቱ በኛ መሆኑ ነው!»



«በኛ መሆኑ ነው ብልሽቱ?» አለ አለቃው ቀስ ብሎ። «ታዲያ በማን እንዲሆን ኑሯል የፈለግህ?»

ላስረዳው ብል ምላሴ ተሳሰረ። የባሰው ግን እጄ ነው። የሙያ ልማድ ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ አፌ ሲዘጋ እጄ ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካክሎ ማሽኑን «ላክ» ብሎት አረፈ።

አረንጓዴዋ መብራት መርገብገብ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ተላከ... ተላከ... ተላከ... እያለ ይግተለተል ገባ።

ክው አልኩ። አንዲት ቃል አልወጣችም ብዬ የማልኩት አሁን ነው እኮ! እባክህ ተበላሽ... ዛሬን ብቻ ተበላሽልኝ... እያልኩ በሆዴ ማሽኑን ለመንኩት።

«ይቺ መብራት ቅድም አትበራም ነበር» አለ አለቃው።

ሼህ ሰይድን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ብዋሽና ቢነቃብኝ የማስይዘው እሳቸውን ጭምር ነው። ወንበሩ ላይ ተዘረፈጥኩ።

«ሄደ...» አልኩ። «አሁን... አሁን መውጣት ጀመረ።»

በር ላይ የቆመው ሚሊሻ ክላሹን ከትከሻው አወረደ።

«ዋ! ቆይ!» አሉ ሼህ ሰይድ። «ቅድም አልሄደም አለ፣ እውነቱን ነው። አሁን ሄደ ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። ኧረ በአላህ፣ እንዲህ ያለ ቂል ሰላይ የት አገር ነው ያለ?»

ቂል መባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አለቃው ወደ ወይንሸት ዞረ። «ምንድን ነው የሄደው?»

«የዱቄቱ ጥያቄ ነው፤ ትምህርት ቤት ላሉት።»

ወደ እኔ ተመለሰ። «እንግዲያው ሁሉም ሳይሄድ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ እንዳትል!»

የመጨረሻዋ መልእክት እስክትወጣ አፈሙዙ ከእኔ ዞር አላለም።

መታወቂያዬን መልሰው ሲለቁኝ ሼህ ሰይድ ክንዴን ይዘው እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በለን ልጄ፣ ጊዜው ነው። ለመሆኑ... ስምህ ማን ነበር?»

ለካ አንገታቸውን ያስያዙልኝ ስሜን እንኳ ሳያውቁ ነው።